ጋቢና

አንድ የጭሮ ሰው በአውሮፕላን አዲስ አበባ መሄድ ቢያምረው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ጀርባውን ለአዲስ አበባ መስጠት ነው። ቀልዴን አይደለም። ጭሮ፣ የድሮዋ አሰበ ተፈሪ፣ ከአዲስ አበባ በመኪና 326 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ቅርብ የሚባለው ድሬዳዋ ነው፤ እሱም ከጭሮ ወደ ምሥራቅ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ስለዚህ መንገደኛው በሒርና አድርጎ፣ የቁልቢን ዳገት ወጥቶ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ድሬዳዋ ይገባል። እዚያ ይሳፈራል። ከዚያም አንድ ሰዓት በማይሞላ በረራ፣ ትናንት ጥሎት የመጣውን የጨርጨር ተራራ በመስኮት እያየ አልፎት ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ምን አመጣው? ትሉ ይሆናል። አንዳንዱ ታሞ ነው፤ ሐኪም «ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ መቀመጥ አይሆንልህም» ብሎት። አንዳንዱ መንገዱን ፈርቶ ነው፤ ባለፉት ጥቂት ዓመታት «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ሳይል ሻንጣውን የሚያነሳ ሰው ጠፍቷል። አንዳንዱ ደግሞ፣ እንደ እኔ፣ ሰው ከፍሎለት ነው።

ድሬዳዋ የሄድኩት ለሰርግ ነበር። መመለሻዬን የቆረጠልኝ ውጭ አገር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። «አቦ፣ በዚህ ዕድሜህ አውቶቡስ ላይ አትንገላታ!» ብሎ በስልክ ተቆጣኝና በማግስቱ ቲኬቱን ላከ። ሳየው ከፊት ነው። የኋላው አልቆበት ይሁን ለእኔ ክብር አስቦ፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም። ዛሬ «ቢዝነስ» የሚሉት፣ እኛ በድሮው አጠራራችን አንደኛ ማዕረግ የምንለው ቦታ ማለት ነው።

እንግዲህ ቴአትር አይቶ ሒስ የሚጽፍ አለ። መጽሐፍ አንብቦ የሚጽፍም አለ። እኔ ዛሬ የምሔሰው ወንበር ነው። አትፍረዱብኝ። አሰበ ተፈሪን የጨርጨር ዋና ከተማ ያደረጓት የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ ከእሳቸው ከተማ የወጣ ሰው ባየው ነገር ሁሉ ላይ አቃቂር ቢያወጣ አይገርምም።

ወንበሩ ከኋላው ሰፋ ይላል። ለእግርም ትንሽ ቦታ አለው። ይህን ካልኩ ስለ ወንበሩ የምለው አለቀ። አውሮፕላኑ ውቅያኖስ የሚያቋርጠው ትልቁ ዓይነት አይደለም፤ ለአጭር መስመር የሚመደበው፣ ቁመቱ አጠር፣ ሆዱ ጠበብ ያለው፣ አዲስ የሚባልበትን ዕድሜ ያለፈ ነው። እንዲህ ባለ አውሮፕላን ውስጥ ፊትና ኋላ የሚባለው በእርምጃ የሚቆጠር ነው። ሞተሩ ለሁላችንም እኩል ይጮኻል። ደመና ውስጥ ሲገባ ሁላችንንም እኩል ይንጠናል። ቀድሜ ተጠራሁ፣ ቀድሜ ገባሁ፤ ነገር ግን ቀድሞ የገባ ሰው ቀድሞ አይነሳም፣ ቁጭ ብሎ ሌላው እስኪገባ ይጠብቃል እንጂ! ጭማቂ በብርጭቆ ቀረበልኝ። ጠጥቼ ሳልጨርስ ቀበቶ እሰሩ ተባለ። ከኋላ ከተቀመጠው ሰው ቀድሜ አዲስ አበባ የደረስኩት ምናልባት በአሥር ሜትር ነው።

ለአየር መንገዱ ሰዎች ቅሬታ የለኝም። የሸጡትን ሰጥተዋል፤ ያውም በፈገግታ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ሃምሳ ደቂቃ ለማይሞላ ነገር የተሸጠልኝ ምንድን ነው?

መጋረጃው ነው። አንድ ክንድ ተኩል የምታህል ጨርቅ ናት። ድምፅ አትከለክልም፤ ከኋላ ያለቀሰውን ሕፃን በደንብ ሰምቼዋለሁ። ሽታ አትከለክልም። የምትከለክለው ዓይን ብቻ ነው። የድሮዎቹ አባቶቻችን ይህን ነገር «ማዕረግ» ብለው መሰየማቸው ትክክል ነበር። ምቾት አላሉትም። አንደኛ ማዕረግ!

ሐረርጌ ያደገ ሰው ግን ይህን ለማወቅ አውሮፕላን አያስፈልገውም። ጋቢናን ያውቃል።

ጋቢና ከሾፌሩ ጎን ያለው ቦታ ነው። ቃሉን ከጣሊያን ነው የወረስነው፤ ሥርዓቱን ያወጣነው ግን እኛው ነን። በእኔ ልጅነት ከአሰበ ተፈሪ በበደሳ አድርጎ ገለምሶ፣ ከዚያም መቻራ የሚሄድ ሎንቺን ነበር። መንገዱ ፒስታ ነው። በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ። ከኋላ ሰውም ማዳበሪያም ዶሮም አንድ ላይ ይጫናል። ጋቢናው ሁለት ሰው ነው የሚይዘው፤ እና እነዚያ ሁለት ሰዎች እነማን እንደሚሆኑ የትም አልተጻፈም፣ ሁሉም ግን ያውቃል። ነፍሰ ጡር ካለች እሷ ናት። አራስ ካለች እሷ። በሽተኛ፣ ሽማግሌ፣ ቄስ፣ ሼህ፣ አስተማሪ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ሲያበቃ ተሳፋሪውን በዓይኑ ይለካል፤ ከዚያ «እርስዎ ይምጡ» ይላል። ማንም አይከራከረውም። ቢከራከር እንኳ ክርክሩ «ከእኔ ይልቅ እሷ ትባስ የለም ወይ?» የሚል ነው። ልብ በሉ፣ ክርክር አለ። ጋቢና ለመግባት ምክንያት ማቅረብ ያስፈልግ ነበር።

የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ዘወትር ጋቢና ነበሩ። ቲቸር ነው የምንላቸው፤ ስማቸውን ልተወው። የገለምሶ ሰው ስለነበሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄዳሉ፣ እሑድ ይመለሳሉ። ቦርሳቸውን ለመያዝ እንሻማ ነበር። አንድ እሑድ ሲመለሱ እኔም ከኋላ ነበርኩ። በደሳ ላይ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ከባሏና ከእናቷ ጋር መጣች፤ አሰበ ተፈሪ ሆስፒታል መድረስ አለባት። ረዳቱ አንድም ቃል አልተናገረም። ቲቸር ከጋቢና ወረዱ። ሴትየዋ ገባች፣ እናቷም ገባች። ከኋላ ደግሞ እግር ማሳረፊያ አልነበረም። ቲቸር ኮታቸውን እንደለበሱ መሰላሉን ይዘው ጣራው ላይ ወጡ፤ ከጭነቱ ጋር፣ ከሴትየዋም ባል ጋር። ሰኞ ጠዋት ክፍል ሲገቡ ከአቧራው የተነሳ ሲያስነጥሳቸው ዋለ።

ሰኞ ነው መሰለኝ ስለ ባቡሩም ያስተማሩን። ውሉ በ1886 ለአልፍሬድ ኢልግ እንደተሰጠ፣ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ እንደደረሰ። ባቡሩ ሐረርንም የእኛንም ተራራ ፈርቶ በቆላው እንዳለፈ፣ ስለዚህ የአሰበ ተፈሪ ሰው ባቡር ለመሳፈር ሚኤሶ መውረድ እንዳለበት። ሦስት ማዕረግ እንዳለውም ነገሩን፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። በድሮ ጊዜ ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛ ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድር ነበር፤ የአዋሹ «ቡፌ» የዚያ ዘመን ትራፊ ነው። ከእኛ አንዱ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ በባቡር ነፍሰ ጡር ብትመጣ ስንተኛ ማዕረግ ነው የምትገባው?» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ቲቸር አልሳቁም። «እንደ ቲኬቷ ነዋ» አሉ።

እንደ ቲኬቷ! ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

አውሮፕላኑም ቢሆን ሲጀምር እንዲህ አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር መብረር ሲጀምር፣ የገዛቸው ሲ-47ቶች ከጦርነት የተረፉ ነበሩ። ወንበራቸው በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ የተደረደረ የሚታጠፍ አግዳሚ ነው፤ መሐል ላይ ጭነቱ ታስሮ ይቀመጣል። ሰው ከሰው ፊት ለፊት ይተያያል ማለት ነው፤ ጭነቱን መሐል አድርጎ። በሌላ አነጋገር የገለምሶው ሎንቺን ክንፍ አውጥቶ ነበር። በ1955 የመጀመሪያዎቹ ጄቶች፣ ቦይንግ 720ዎቹ መጡ፤ አገር ተራመደ። በእኛ ዘመን ደግሞ ክላውድ ናይን የሚባለው ማዕረግ ከባሕር ማዶ በረራ አልፎ ለአገር ውስጥ ወደሚመደቡት ትንንሾቹ ኪው-400 አውሮፕላኖችም ገባ። አሥራ ሦስት ሰዓት ለሚበር ሰው የተሠራውን ማዕረግ ሃምሳ ደቂቃ ለሚበር ሰው መግጠም የልብስ ሰፊ ሥራ ይፈልጋል፤ ከልኩ ሲቆርጡት ሲቆርጡት የቀረው መጋረጃው ነው።

ወደ ጋቢናው ልመለስ። ጋቢና መቼ ዋጋ ወጣለት? ቀኑን የሚያውቅ የለም። ሚኒባሶቹ በብዛት በመጡበት ጊዜ ነው የሚመስለኝ። አንድ ቀን ጭሮ መናኸሪያ ስደርስ ረዳቱ «ጋቢና ጭማሪ አለው!» እያለ ይጠራ ነበር። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ምክንያት የሚያቀርብ ሰው ጠፋ። አንድ ቃል መጣች፤ «ከፍዬበታለሁ» የምትል። ከእሷ በኋላ ክርክር የለም። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ምሁሩም መሃይሙም እኩል ይናገሯታል፤ አሮጊት ቆማ እያየችው «ከፍዬበታለሁ» ያለ ሰው ውሸት አልተናገረም። ከፍሏል። የሚያናድደውም እሱ ነው።

የድሮው ጋቢና ገነት ነበር እያልኩ ግን አይደለም። እኔ ራሴ አይቻለሁ፤ ነፍሰ ጡሯን ትቶ ፖሊስ ጋቢና ሲገባ። ካድሬ ሲገባ። የሾፌሩ ወዳጅ ሽቶ ተቀብታ ስትገባ፣ ሽማግሌው ከኋላ ማዳበሪያ ላይ ሲቀመጡ። ያን ጊዜ ረዳቱ ዓይኑን አንስቶ ማንንም አይለካም ነበር። ገንዘብ ሲመጣ ቢያንስ ይህን ውርደት አስቀረ። አንዲት የጫት ነጋዴ አውቃለሁ፤ ጋቢናውን ሁለቱንም ወንበር ከፍላ ብቻዋን የምትቀመጥ። «ሃያ ዓመት ከኋላ ተጭኜያለሁ፤ ማን ነው አንድ ቀን "ነዪ" ያለኝ? ወላሂ፣ አንድ ቀን!» ትላለች። ለሷ መልስ የለኝም። ዝርዝሩ ውስጥ ነጋዴ ሴት አልነበረችም። የመንደሩ ሥርዓት ለአስተማሪ ወንበር ሲሰጥ እሷን አይቷት አያውቅም፤ ብሯ ግን አየላት።

ስለ ጫት ካነሳን አይቀር፣ በእኛ አገር ሰው ሁሉ ቢነገረው የሚገባው አንድ እውነት አለ። ከሐረርጌ አንደኛ ማዕረግ የሚጓዘው ሰው አይደለም፣ ቅጠሉ ነው። ጫት ቶሎ ካልደረሰ ይጠወልጋል፤ ስለዚህ በልዩ አጠባበቅ፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ውኃ ተርከፍክፎለት ይሄዳል። ከ1940ዎቹ ጀምሮ የሐረርጌ ጫት ከድሬዳዋ በአውሮፕላን ወደ ኤደን ይጫን ነበር። የጭሮ ሰው አውሮፕላን በሩቅ በሚያይበት ዘመን ቅጠላችን ባሕር በየጊዜው ይሻገር ነበር ማለት ነው። ዛሬም ጫት የጫነ አይሱዙ ሲመጣ ሌላው መኪና መንገድ ይለቃል።

ሰውስ? ሰውማ ደረጃ ወጥቶለታል። አገር አቋራጭ አውቶቡሶች አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ደረጃ ተብለው ተከፍለዋል፤ ታሪፉም እንደ ደረጃው ነው። ችግሩ ጭሮ መንገድ መሐል መሆኗ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር የሚያልፈው አንደኛ ደረጃ አውቶቡስ ሞልቶ ነው የሚመጣው። መንገድ ላይ የሚጠብቅ ሰው ምርጫው ያገኘው ነገር ላይ መውጣት ነው። መተላለፊያው ላይ ዱካ ተደርጎለት፣ እንደ ሌላው ሙሉ ታሪፍ ከፍሎ። ትራፊክ ሲታይ ረዳቱ «ጎንበስ በሉ!» ይላል። የሒርና ሰው፣ የሚኤሶ ሰው ይህቺን ቃል ከአማርኛ ፊደል ቀጥሎ ነው የሚማራት። ከጎንህ የተቀመጠው ባለ ወንበር ጎንበስ ብለህ ጉልበቱ ሥር ስትገባ መስኮት መስኮት ያያል። እሱም መጋረጃ አለው ማለት ነው፤ ጨርቅ አላስፈለገውም።

በ2009 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሚኤሶ ላይ ጣቢያ አለው። ለምዕራብ ሐረርጌ ያለን ይህ ነው። ወንበርና አልጋ ብሎ ነው የሚከፍለው። ተሳፍሬበት ስለማላውቅ እተወዋለሁ።

አሁን ደግሞ ያፈርኩበትን ልንገራችሁ።

ድሬዳዋ ላይ ቀድሜ ገብቼ ተቀምጫለሁ። የኋላዎቹ መግባት ጀመሩ። በሩ ከፊት ስለሆነ ሁሉም በእኔ አጠገብ ነው የሚያልፈው። የሰርግ ሻንጣ ይዘው፣ ሕፃን አዝለው፣ አንዳንዱ የመጀመሪያው ስለሆነ ግራ ገብቶት። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ከዘራ ይዘው ገቡ። ኮት ለብሰዋል። ቲኬታቸውን ከዓይናቸው አርቀው ቁጥር እየፈለጉ ነበር። ቲቸር ናቸው።

ገና በሩ ላይ ሳሉ ነው ያወቅኋቸው። ወገባቸው ጎብጧል፤ አረማመዳቸው ግን ያው የክፍል ውስጡ ነው። እና ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ፊቴ ያለውን መጽሔት ከኪሱ አወጣሁና ገልጬ ፊቴን ሸፈንኩ።

ለምን? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አንደኛው ምክንያቴ ጨዋ የሚመስለው ነው፤ እሳቸው ወደ ኋላ ሲያልፉ እኔ ፊት ተቀምጬ ቢያዩኝ አፍራለሁ። ሁለተኛው ጨዋ አይደለም፤ ካዩኝ መነሳት አለብኝ። አሰበ ተፈሪ ያደገ ሰው ቲቸር ቆመው ጋቢና አይቀመጥም። ያንን ደግሞ አልፈለግሁም። አዎን፣ አልፈለግሁም! ቲኬቱን የገዛልኝ ዘመዴ፣ ወንበሩ ሰፊ፣ ጭማቂው ሊመጣ ነው። «ሕጉ ቦታ መቀያየር ይፈቅዳል አይፈቅድም» እያልኩ ራሴን ስከራከር ቆየሁ። አስተናጋጇን መጠየቅ ይቻል ነበር። አፌን ብከፍት ሁለት ሴኮንድ ነው። አልጠየቅሁም። ከፍዬበታለሁ እንኳ እንዳልል፣ የከፈልኩት እኔ አይደለሁም።

ቲቸር አለፉ። ከዘራቸው የወንበሬን እግር ነካ አደረገች። ትንሽ ቆይቶ መጋረጃው ተዘጋ፤ ተነፈስኩ።

ሃምሳ ደቂቃ ያህል ስለ ወንበሩ አላሰብኩም። ያ ሁሉ ምቾት የት እንደገባ እንጃ። ከኋላ ሰው ባሳለ ቁጥር የቲቸር ሳል ይመስለኛል። የጨርጨር ተራራ በግራ በኩል ታየ፤ አሰበ ተፈሪ ከጀርባው ናት ብዬ ገመትኩ፤ ገለምሶ ደግሞ ከዚያም ወዲያ። በደሳ ላይ ምጥ ይዟት ጋቢና የገባችው ሴት ልጇ ዛሬ አርባ አልፎት ይሆናል፤ ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም።

አዲስ አበባ ሻንጣ መቀበያው ጋ ስንደርስ ማምለጫ የለም። እዚያ ማዕረግ የለም፤ ሁሉም አንድ ጎማ ዙሪያ ቆሞ ሻንጣውን ይጠብቃል። ሄጄ ዝቅ ብዬ በሁለት እጄ ጨበጥኋቸው። ፊቴን ለጥቂት ጊዜ ሲያጠኑት ቆዩና ስሜን ከነአባቴ ጠሩት። አርባ ዓመት አልፎ!

«ደህና ነዎት ቲቸር? ለምን ጉዳይ መጡ?»

«ወገቤ ነው። ሐኪሙ አውቶቡስ ከለከለኝ፤ ልጆቹ ተረባርበው በዚህ ላኩኝ። ጥሩ ነው፣ ቶሎ ያደርሳል፤ ወንበሩ ግን ጠበበኝ» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተስ? በዚሁ ነው እንዴ የመጣኸው?»

«አዎን።»

«የት ተቀምጠህ ነው ሳላይህ የቀረሁት?»

«ወደ ፊት ነበርኩ።»

«ጋቢና ነዋ!» አሉና ሳቁ። የምር ነው የሳቁት፤ ደስ ብሏቸው፣ ተማሪያቸው ትልቅ ሰው ሆኖ እንዳገኙት ሁሉ። ሻንጣቸው ሲመጣ ላነሳላቸው ተንደረደርኩ። እጄን ያዝ አደረጉት።

«ተው እንጂ፤ ወገቤን ነው እንጂ እጄን አላመመኝም።»